ስለ ቀይዋ መኪና፦ ለከሳሾቻችንም ለነጋዴዎቻችንም

ባለፈው ዕትም አንድ ወንድማችን ብዕሩን ስሎ መጣብን። «በቴዎድሮስ ከተማ ተቀምጦ የእንግሊዝ መኪና መመኘት መቅደላን መርሳት ነው» አለ። ስም አልጠራም፤ ደግ ሰው ነው። ነገር ግን ከምግብ አዳራሹ እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ ማንን እንዳለ ያላወቀ ተማሪ የለም። እኛን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሻይና ከፎቶ ኮፒ እየቀነስን ያዋጣነውን አሥራ ሁለት ሰዎች ነው። ስለዚህ መልስ እንሰጣለን፤ ዝም ብንል አመኑ ይባላልና። መልሳችን ግን ለእሱ ብቻ አይደለም። ከራሳችን መካከልም ከእሱ የባሱ አሉ፤ ለእነሱም ጭምር ነው።

መጀመሪያ ነገሩን ለማያውቁት እንንገር። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አሮጌ ቪላ ጓሮ፣ ከባሕር ዛፍ ሥር፣ አንዲት ኤም ጂ ቢ መኪና ቆማለች። በጃንሆይ ዘመን አንድ የውጭ አገር ሰው አምጥቷት፣ ሲሄድ ጥሏት ሄደ። ጣራ የላትም፤ ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፤ ቀይ ነበረች፤ አሁን ግማሿ ዝገት ነው። ጎማዎቿ ተንፍሰው አፈር ውስጥ ገብተዋል። የአንዳችን አክስት የዚያ ግቢ ጎረቤት ስለሆኑ ፎቶዋ በስልክ መጣልን። ሊብሬ የላትም። ሰሌዳዋም ወልቋል። ባለቤቶቹ የጠየቁት ዋጋ በእኛ አገር ገበያ የአንድ ጥማድ በሬ ዋጋ ነው። እኛም ይህን ለመሙላት ጥቂት ቀርቶናል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ፎቶዋ የመጣ ዕለት ምን እንደሆንን አንደብቅም። አብደን ነበር። አብዛኞቻችን ያችን መኪና የምናውቃት ከደብተር ሽፋን ነው። ሦስተኛ ክፍል ሳለን፣ ደብተሩ ሲያልቅ ሽፋኑን ቀደን በሊጥ ግድግዳ ላይ የለጠፍን አለን። ስሟን አናውቅም፤ አገሯን አናውቅም፤ «ጣራ የሌላት» ነበር የምንላት። በኋላ ቪዲዮ ቤት ገብተን የጄምስ ቦንድን አስቶን ማርቲን ስናይ «የእህቷ ልጅ ናት!» ብሎ የጮኸ አለ፤ አሁን የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ስሙን አንጠራም። ከቪዲዮ ቤት ስንወጣ ደግሞ ሽቦ ለቅመን፣ ቆርቆሮ ቀጥቅጠን፣ ካለቀ ነጠላ ጫማ ጎማ ቆርጠን፣ ረጅም የሽቦ መሪ አበጅተን በክረምቱ ጭቃ እንነዳት ነበር። ይህን ያነሣነው ለማስለቀስ አይደለም። በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

አሁን ወደ ከሳሻችን። ለመሆኑ ወንድማችን የሚጠራቸው ቴዎድሮስ የትኛው ናቸው? እኛ የምናውቃቸው የጋፋቱን ቴዎድሮስ ነው። ጋፋት ከደብረ ታቦር አፍንጫ ሥር ናት፤ በእግር ተሄዶ የሚመለስባት። ንጉሡ ከአውሮፓ የመጡትን ሚስዮናውያን እዚያ አስቀምጠው «መድፍ ሥሩልኝ» አሏቸው። «አንችልም» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ወንጌል ሊያስተምሩ ከነእጅ ሙያቸው የመጡ እንጂ መድፍ አቅላጮች አልነበሩም። ሞክሩ ተባሉ። ሞከሩ፣ ከሸፈ። ደግመው ሞከሩ። በመጨረሻ ሴባስቶፖል ወጣ፤ ሰባት ቶን ገደማ፣ በእኛ ሚዛን ሰባ ኩንታል መሆኑ ነው። የአገሬው ወጣትም ከአጠገባቸው ሆኖ ሙያውን እንዲያይ ተደርጓል።

እንቀጥል። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጣ። ተቀየሙ፤ ቆንስሉንም አሰሩ። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ፣ በ1858 ዓ.ም.፣ ፍላድ የሚባለውን ሚስዮናዊ ወደ እንግሊዝ አገር የላኩት ምን እንዲያመጣላቸው ነበር? ባለሙያና የሥራ መሣሪያ! ከማን? ከእንግሊዝ! ባለሙያዎቹም ምጽዋ ድረስ መጡ፤ እስረኞቹ ስላልተፈቱ ወደ ደጋው ሳይወጡ ተመለሱ። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሴባስቶፖልን በሠረገላ አስጭነው፣ ገደሉን እየቆረጡ መንገድ እያወጡ፣ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጅቶ መቅደላ አደረሷት። ሚያዝያ 6 ቀን የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ወንድማችንም ያውቃል። እንግዲህ የእንግሊዝን ብረት የተመኘ ሁሉ መቅደላን የረሳ ከሆነ፣ ክሱ ከእኛ አልፎ ወዴት እንደሚወጣ ይመልከት። ይህን ለመጻፍ ብዕሩ ይነሣለት እንደሆነ እንጠይቀዋለን።

ስለ ምኒልክም በቁንጽል እናንሣ። አዲስ አበባ መጀመሪያ የገባችው መኪና የእንግሊዝ ሲድሊ ናት፤ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1900 ዓ.ም. አስገባት። የአድዋው ንጉሥ ተሳፈሩባት። ማንም ባንዳ አላላቸውም።

ከመጽሐፍ ይልቅ ጋራዥ የሚያሳምነው አንባቢ ካለ ደግሞ እዚሁ ከተማ ውስጥ ወደ አንዱ ጋራዥ ጎራ ይበል። ልጁ ከመኪናው ሥር ተኝቶ «ካቻቢቴ አቀብለኝ!» ይላል። ካንዴላው ጠቁሯል፤ ቴስታታው ይውረድ፤ ጉርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፤ ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ማርሚታው ተበስቷል። ይኼ ሁሉ ጣልያንኛ ነው። አምስት ዓመት ወርሮን፣ በመርዝ ጋዝ ፈጅቶን የሄደ ጠላት ቋንቋ ነው። መካኒኩ ግን ቃሉን ከነሥራው ነጥቆ አስቀረው፤ ዛሬ «ካንዴላ» የማን ቃል እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። እንደ ወንድማችን ሒሳብ ቢሆን ኖሮ በአገራችን ከመካኒክ የባሰ ባንዳ ባልተገኘ ነበር።

ከሳሻችንን እዚህ ላይ እንተወው። የሚያመን የራሳችን ነገር ነው።

ከአሥራ ሁለታችን አራቱ ሌላ ሐሳብ ይዘው ተነሥተዋል። አብረን በልተናል፣ አብረን ለፈተና አድረናል፤ ግን እንናገራቸዋለን። «ቀለም እንቀባት፣ ወንበሯን በቆዳ እናልብሳት፣ በጥር ለሠርግ እናከራያት» ይላሉ። ሒሳቡንም በወረቀት ሠርተው አመጡ፤ ሙሽራ በስንት፣ ፎቶ ብቻ በስንት፣ ለምረቃ በስንት። አበባ በኮፈኑ ላይ፣ ሪባን በፓራውልቱ ላይ! ሙሽራው መሪውን ይዞ ፈገግ ይበል፤ መኪናዋን ከኋላ ሰው ይግፋት!

እስቲ ቁም ነገር እናውራ። ሊብሬ የለም። ሊብሬ ከሌለ ሰሌዳ የለም፤ ሰሌዳ ከሌለ ቦሎ የለም፤ ቦሎ ከሌለ የመጀመሪያው ትራፊክ ፖሊስ ጋ ሠርጉ ያበቃል። የተጠየቅነው ዋጋ የጥማድ በሬ ዋጋ ብቻ የሆነውም ለዚሁ ነው፤ ሊብሬ ቢኖራት ኖሮ ፎቶዋንም ባላሳዩን። «እንግዲያው ሌላ ከውጭ እናስመጣ» ያለም አለ፤ ዘመድ ውጭ አገር ያለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለ እንዲህ ያለ መኪና ላይ ከ400 በመቶ የሚያልፍ ታክስ ጫነ። ኤም ጂ ቢ ደግሞ መሠራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1962፣ ያቆመችውም በ1980 ነው፤ የመጨረሻዋ እንኳ ለእኛ አክስት ትሆናለች። ይኼ አልበቃ ብሎ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ አገደ። ነዳጁን በዶላር የሚገዛ አገር ቢከለክል አንደነቅም። እኛን ሊያስገርመን የሚገባው በዚህ በር ለማለፍ ሒሳብ የሚሠራው ጓደኛችን ነው።

እንበልና ሊብሬው ከሰማይ ወረደ። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ጋዜጣ ሻጩም ሞተሩም እኩል ያለከልካሉ። የዚያች መኪና ሞተር 1,798 ሲሲ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 95 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጣል፤ እዚህ ከሩቡ በላይ ያጣል። ሆዷ ከመሬት ከስንዝር በታች ነው፤ በኮብልስቶኑ ላይ እየፋቀች ትሄዳለች። የተሠራችው እርሳስ ላለበት ቤንዚን ነው፤ ያ ቤንዚን ዛሬ ለመኪና የሚሸጥበት አገር የለም። ውሎ አድሮ የቫልቮላ መቀመጫዎቿን በልታ ትቆማለች። ወንድሞች፣ ይኼን ሁሉ ሒሳቡ ውስጥ አስገብታችኋል?

ሦስተኛም ወገን አለ፤ ቁጥሩ ጥቂት ነው። «ተመርቀን ሥራ ስንይዝ አዲስ ኤም ጂ እንገዛለን፤ ምን ያስቸኩላል?» ይላል። ይግዛ! ግን የሚገዛው የደብተር ሽፋኗን አይደለም። አቢንግደን የነበረው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘግቷል። ዓርማው ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ቆይቶ የሻንሃዩ ሳይክ ኩባንያ ንብረት ሆኗል። ጃጓርና ላንድሮቨርም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሕንዱ ታታ ናቸው። በደርግ ዘመን ቻይናዎች ከወረታ በደብረ ታቦር አድርገው ወደ ወልድያ መንገዱን ሲሠሩ፣ አንድ ቀን ያን የእንግሊዝ ስም የእነሱ አገር ሰዎች ይገዙታል ብሎ ያሰበ ይኖር ይሆን? እንግሊዝ ራሷ ሸጣ የጨረሰችውን እኛ ገና ልንገዛው መቋመጣችን ነው። በነገራችን ላይ ቻይናዎቹም ሕንዶቹም መጀመሪያ መኪና ከመክፈት ነው የጀመሩት፤ ሥዕል ከመለጠፍ አይደለም።

ታዲያ እናንተስ ለምን ትገዟታላችሁ? እንባላለን። ልንከፍታት ነው። ከፓራውልቱ እስከ መጨረሻው ቡሎን ልንፈታት ነው። ተገጥማ ብትነሣ ደስታችን፤ ባትነሣም ገንዘባችንን አልተበላንም።

ኤም ጂ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሞሪስ ጋራዥ ማለት ነው። ጋራዥ! ኦክስፎርድ ከተማ ውስጥ ተራውን የሞሪስ መኪና እየወሰዱ አካሉን እየለወጡ፣ እየቀነሱ እየጨመሩ ነው የጀመሩት። ያች የተመኘናት ኤም ጂ ቢም ብትሆን ሞተሯ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ልጆቹን ገበያ የሚያደርስ ሽማግሌ የሚነዳው የኦስቲንና የሞሪስ የቤት መኪና ሞተር ዘመድ ነው። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የተሠራችውም እንዲህ ቀላል ስለሆነች ነው። ኮፈኑን ስትከፍት ሁሉ ነገር ይታያል፤ እጅ የማይገባበት ቦታ የለም። ሁለት ካርቡራቶር አላት። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ፒስቶን በአየሩ ስበት ወደ ላይ ይነሣል፤ ጫፉ ላይ እንደ ወስፌ የሾለ መርፌ አለ፤ መርፌው ከቀዳዳው ሲወጣ ቤንዚን ይለቃል። አየሩ በሳሳበት እንደኛ ባለ ደጋ ቤንዚኑ ይበዛና ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ስለዚህ ወፈር ያለ መርፌ ይፈለጋል። ይህን በፊዚክስ ክፍል በቀመር ጽፈነዋል፤ ፈተናም አልፈንበታል። መርፌውን በእጁ የያዘ ግን ከመካከላችን የለም። ደግሞ የእኛ ቁልፍ በሚሊሜትር ነው፤ የእሷ ቡሎን በኢንች። አሥራ ሦስት ቁልፍ ይዞ የሄደ ዳዶውን ያሸዋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የወጡት ደግሞ ሁለት ባለ ስድስት ቮልት ባትሪ ከወንበሩ ኋላ ይዘው፣ ከሻንሲው የታሰረው ፖዘቲቩ ነው፤ እንደ ለመደው ያሰረ ዲናሞውን ሊያቃጥል ይችላል። የቴክኖሎጂ ተማሪ የሆነ ወንድማችን ይህን ሲሰማ «እንዴ! ለምን?» አለ። ሁለት ዓመት የቆጠብነው ለዚች «ለምን» ነው።

ይህን ሐሳብ ከመጽሐፍ አላገኘነውም። ያገኘነው ባለፈው ዓመት ከጣራ ገዳም ስንመለስ ነው። ገዳሙን ተሳልመን፣ ጫካውን አይተን፣ ወደ አዲስ ዘመን ወርደን የወረታ ሚኒባስ ስንጠብቅ፣ ከመንገዱ ዳር አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ቆሟል። ያም የእንግሊዝ ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ አገር ብረት ስላጠረ አካሉን በአልሙኒየም የሠሩት። በልጅነታችን ወደ ገጠር የሚገባ መኪና ሁሉ ለእኛ ላንድሮቨር ነበር። ባለቤቱ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ካርቡራቶሩን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ።

«አባባ፣ ይቺን አይሸጧትም?» አለ ከመካከላችን አንዱ።

ቀና ብለው አዩትና፣ «እስቲ ይኼን ያዝልኝ» ብለው የካርቡራቶሩን ጎድጓዳ ከነቤንዚኑ እጁ ላይ አስቀመጡለት። «እንዳታፈስብኝ፣ ልጄ። ምንድን ነው የምትማሩት?»

«ሥነ ጽሑፍ ነው፣ አባባ።»

«ይሁን። እሱን አጋድመህ አትያዝ።»

ከዚያ አንዲት ትንሽ የነሐስ ፍሬ ፈትተው አወጡ፤ በአፋቸው እፍ አሉባት፤ መዳፋቸው ላይ የሆነች ነገር ወደቀች። ሁላችንንም ጠርተው አሳዩን። ጤፍ አታህልም። «ይቺ ናት ከጠዋት ጀምሮ ያስቀመጠችኝ» አሉ። መልሰው ገጠሙ፤ አስነሡ፤ እስከ ወረታ ጫኑን፤ «ሒሳብ አልቀበልም፣ ያዝልኝ አላልሁትም?» አሉ። ያ ጓደኛችን ከወረታ ዓለም በር፣ ከዓለም በር ደብረ ታቦር ድረስ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ እጁን ያሸት ነበር። ይሸጧታል ብሎ መጠየቁን ያነሣ ሰው አልነበረም።

የሚከብደውን ለመጨረሻ አቆይተነዋል። ከአሥራ ሁለታችን አንዷ እህታችን «የጥማድ በሬ ዋጋ ለዝገት?» ብላ ጠየቀች። አባቷ ከጉና ሥር ያርሳሉ። አንድ በሬ ነው ያላቸው፤ ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ነው የሚያርሱት፤ ዝናቡ ሲዘንብ መጀመሪያ የጎረቤት ማሳ ይታረሳል፤ የእሳቸው ማሳ ተራው ሲደርስ መሬቱ ይደርቃል። ይህን ክርክር አንረታውም፤ ልንረታውም አልሞከርንም። ድርሻዋን ሳንቲም ሳናጎድል መለስንላት፤ የጎደለውን ለመሙላት ሌላ ሦስት ወር እንቆጥባለን። ይህን ስናደርግ ሠርግ አከራዮቹ አጉረመረሙ፤ ይጻፍባቸው።

ነገር ግን የእሷን ቃል አንሥቶ የሚመታን ሌላ ሰው ካለ መጀመሪያ ኪሱን ይዳስስ። ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ የወይፈን ዋጋ ነው፤ ከፍቶትም አያውቅም፤ ሲበላሽ ሌላ ይገዛል። በበሬና በመኪና መካከል የሚያማርጠን ሰው ፎገራ ሜዳ ወርዶ በበጋ ሽንኩርት የሚያጠጣውን የውኃ ፓምፕ ይመልከት። ያም ሞተር ነው፤ ያም እንደዚያች ጤፍ በማታህል ቆሻሻ ይቆማል። ሲቆም ሽንኩርቱ መካኒክ እስኪመጣ አይጠብቅም። የተማረው ልጅ ከቤት ሲመጣ አባት «እስቲ እየው» ቢሉት፣ ልጁ ምን ይላል? እኛ እስካሁን ያልነው «ሥነ ጽሑፍ ነው የምማረው» ነው። ስምንት ዓመታችን ላይ ሽቦና ቆርቆሮ ይዘን እንሠራት የነበረችውን በሃያ ሁለት ዓመታችን ለመንካት የምንፈራ ሆነናል። ይኼ መማር ነው? ወይስ መሰልጠን?

ለአራቱ ወንድሞቻችን የመጨረሻ ቃላችን ይህ ነው፤ ቀለም አይቀባም። ሪባን አይታሰርም። በዚህ ካልተስማማችሁ ድርሻችሁን እንደ እህታችን መልሰን እንሰጣለን፤ በሬ የሌለው አባት ግን የላችሁም፤ ስለዚህ ወረፋችሁ ከእሷ በኋላ ነው።

ገንዘቡ ሲሞላ መኪናዋ በአይሱዙ ተጭና በወረታ በኩል ትመጣለች። የምትቀመጠው የአንዳችን አጎት ወፍጮ ቤት ጀርባ ነው፤ ጣራው ያፈሳል፣ ግን ግድግዳ አለው። ለማውረድ ስምንት ሰው ያስፈልጋል። እህታችን ድርሻዋን ብትወስድም እመጣለሁ ብላለች፤ ካርቡራቶሩን መጀመሪያ የምትፈታውም እሷ ናት፤ ይህ ተወስኗል። የኢንች ቁልፍ ያለው፣ ወይም አባቱ ሣጥን ውስጥ ያየ፣ ይዞ ይምጣ። ከሳሻችንም ይምጣ። ጃኬቱን ግን አውልቆ።